የኪርዋኖችን ጉድ ፍለጋ

ሄስተር ማልፓስን በስቶንፎርድ ከተማ የሚወዳት ሰው አልነበረም፤ እሷም ብትሆን የሚወዳት አጥታ ተቸግራ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የከተማውን ስልክ ስታገናኝ ኖራለች። ማን ለማን እንደ ደወለ፣ የማን ባል ትልቁ ከተማ ሆባርት ሄዶ ማን ዘንድ እንደሰነበተ፣ የማን ልጅ ሳታገባ እንዳረገዘች ከእሷ የሚሰወር ነገር አልነበረም። ወሬ ግን አታወጣም። ሰዉን ይበልጥ የሚያስፈራውም ይኸው ነበር። ወሬኛ ሴት ተናግራ ይወጣላታል፤ ሄስተር ግን ሥጋ ቤት ተሰልፋ ዞር ብላ ስታይህ የምታውቀውን ሁሉ በልቧ እያገላበጠች እንደሆነ ይገባሃል።

አውቶማቲክ ስልክ ሲገባ የማገናኛው ክፍል ተዘጋ፤ ሄስተርም በሃምሳ አራት ዓመቷ ጡረታ ወጣች። ባል አላገባችም። የምትኖረው በወንድሟ በክላይቭ እርሻ ላይ፣ ከዋናው ቤት ጓሮ ባለች ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ነበር። ክላይቭ በግ ያረባል፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍም የሚቀመጠው እሱ ዘንድ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሁድ እሁድ የበግ ጥብሱን የምታዘጋጀው ሄስተር ናት። ለእንግዳ ሲያስተዋውቃት ግን፣ "እህቴ ናት፤ እኛ ጋ ነው የምትኖረው" ይላል፤ "እኛ ጋ" የምትለዋን ጠበቅ አድርጎ።

በዚያ ዘመን በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ ሰው የሚመዘነው በአያቶቹ አመጣጥ ነበር። በፈቃዳቸው የመጡ ናቸው፣ ወይስ እንግሊዞች ወንጀለኛ በሚያጋዙበት መርከብ በሰንሰለት ታስረው? ማልፓሶች በዚህ ነገር አንገታቸውን ቀና አድርገው ነው የሚሄዱት። ቅድመ አያታቸው ኤድመንድ ማልፓስ መሬት ቀያሽ ነበር፤ የመርከቡን ዋጋ ከኪሱ ከፍሎ፣ መጻሕፍቱን በሳጥን ጭኖ ነው የመጣው። አባታቸው እንዲህ ይሏቸው ነበር። ከወንዙ ማዶ ያሉት አየርላንዳውያን፣ ኪርዋኖች፣ ግን የሌባ ዘር ናቸው። ወረቀት ያየ የለም፤ አገር ግን ያውቃል። የኪርዋን ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ሌሎቹ ልጆች "ኪሳችሁን ያዙ!" እያሉ ይጮሁባቸዋል። ሄስተርም በልጅነቷ ጮኻለች።

እ.ኤ.አ. በ1974፣ ብርድ በገባበት ወቅት፣ እሁድ ምሳ ላይ የክላይቭ አንድያ ልጅ ግሌኒስ ሹካዋን አስቀመጠችና፣ "ዴስ ኪርዋንን ላገባው ነው" አለች።

ክላይቭ ማኘኩን አላቆመም። "የቱን ዴስ?"

"ስንት ዴስ ኪርዋን አለ አባዬ? መካኒኩን ነዋ።"

"ያ በግሪስ የተለወሰው?"

"አዎ፣ እሱ። ትራክተርህን ሦስት ጊዜ ከሞት ያስነሳው።"

"ታዲያ ትራክተሬን ስለጠገነ ልጄን ልሸልመው?"

"ማንም አልተሸለመም። ጠያቂዋም እኔ ነኝ።"

ክላይቭ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው፤ የሾርባው ጭልፋ ዘሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። "የሌባ ዘር እዚህ ገበታ ላይ አይቀመጥም! እኔ ቆሜ እያለሁ አይሆንም!"

"እንግዲያው ቁጭ በላ" አለችና ግሌኒስ ካፖርቷን አንስታ ወጣች።

ሄስተር ጭልፋውን አነሳች። ክላይቭ የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠብቆ ወደ እህቱ ዞረ።

"አንቺ መቼም ሥራ የለሽም። የሰው ጉድ ማነፍነፍ ደግሞ ታውቂበታለሽ።"

"አመሰግናለሁ።"

"ሆባርት ሂጂልኝ። የድሮው የግዞተኞች መዝገብ ይታያል አሉ። በየትኛው መርከብ እንደመጡ፣ ምን እንደሰረቁ፣ ስንት ጅራፍ እንደቀመሱ አንድ በአንድ ጽፈሽ አምጪ። ፊቷ እዘረጋዋለሁ።"

"አንብባው ግድ የለኝም ብትልስ?"

"እሷ ግድ ባይላት ከተማው ግድ ይለዋል።"

ሄስተር አልተከራከረችም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር። ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ እንደዚያ ደስ ያላት ቀን የለም። በማግስቱ ሁለት ደብተርና ስድስት እርሳስ ሻንጣዋ ውስጥ ከታ አውቶቡስ ተሳፈረች።

በመዝገብ ቤቱ የተቀበላት ሚስተር ፐርዲ የሚባል፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተበሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነበር። ትላልቆቹን መዝገቦች እየተሸከመ አመጣላት። የድሮው ጽሕፈት ሌላውን ሰው ያደናግራል፤ ሄስተር ግን ዕድሜዋን የሐኪም ቴሌግራም ስታነብ የኖረች ናት፤ በግማሽ ቀን ለመደችው። ስም በስም፣ መርከብ በመርከብ ወረደች። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለገች። ኪርዋን የሚባል ታስሮ የመጣ ሰው አጣች።

"ምናልባት በግዞት አልመጡ ይሆናል" አላት ሚስተር ፐርዲ። "የነጻ ተጓዦቹን ዝርዝር ላምጣልዎ?"

"አያስፈልገኝም። እነዚህን ሰዎች አውቃቸዋለሁ።"

"ቢያዩት ምን ይጎዳዎታል?"

አየችው። ማይክል ኪርዋን፣ ገበሬ፣ ሃያ ስምንት ዓመቱ፤ ሚስቱ ብሪጂድ፤ ሁለት ልጆች። በ1841 በፈቃዳቸው የመጡ። ማንበብና መጻፍ ይችላል። ጠባዩ መልካም። ሄስተር መዝገቡን ጓ አድርጋ ስትዘጋው ወዲያ ጥግ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ቀና ብለው ገላመጧት።

ሚስተር ፐርዲ ግን ሊያስደስታት ፈልጎ ሌላ ጥራዝ ይዞ መጣ። "የእርስዎን ስም ግን አግኝቼዋለሁ፤ ማልፓስ።"

"ተሳስተዋል። ቅድመ አያቴ መሬት ቀያሽ ነበር።"

"ኋላ ሆኖ ይሆናል። እዚህ የተጻፈው የፈረስ ጋጣ ጠራጊ ነው።"

"ሌላ ማልፓስ ይሆናል!"

"ስቶንፎርድ አካባቢ የኖረ ሌላ ኤድመንድ ማልፓስ አለ?"

አልነበረም። ኤድመንድ ማልፓስ፣ ሃያ ዓመቱ፣ የጌታውን ሁለት የብር ማንኪያና አንድ ካፖርት ሰርቆ ሰባት ዓመት ተፈርዶበት የመጣ። ቁመቱ አምስት ጫማ ከሁለት ኢንች። ግራ ክንዱ ላይ የዓሣ ጭራ ያላት ሴት ተነቅሳለች። ሰክሮ ስለተገኘ ሃያ አምስት ጅራፍ። በአሠሪው ላይ እጁን ስላነሳ ሠላሳ ስድስት ጅራፍ። ከዚያ ሊያመልጡ ያሰቡ ሁለት ጓደኞቹን አሳልፎ ሰጠና በውለታው ዘብ ተደረገ። ሚስቱ ሣራ በድ ከልብስ ሱቅ ጥቅል ጨርቅ የሰረቀች ግዞተኛ ነበረች፤ የተጋቡትም ከሹማምንቱ ፈቃድ ተጠይቆላቸው ነው።

ሄስተር ያን ቀን ምሳ አልበላችም። አባቷ የሚያነቡት ትልቁ መጽሐፍ ቅዱስ ትዝ አላት። የቤተሰብ ስም የሚጻፍበት የመጀመሪያው ቅጠል ከሽፋኑ ጋር በሙጫ ተጣብቆ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ስታየው ኖራለች፤ የሰው ሁሉ ነገር የሚቆረቁራት ሴት ስለዚያ ቅጠል አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም። ስላልፈለገች እንደነበር አሁን ገባትና በራሷ ተናደደች።

በአራተኛው ቀን የፍርድ ቤቱን መዝገብ አስመጣች። የምታገኘው ነገር እንዳለ አፍንጫዋ ነግሯታል። በ1846 ማይክል ኪርዋን ስድስት በግ ሰርቀሃል ተብሎ ተከሰሰ። በጎቹ የዘብ ማልፓስ ናቸው። ያየው ምስክር አንድ ነው፤ እሱም ዘብ ማልፓስ። ኪርዋን፣ "ጌታዬ፣ ይህ ሰው መሬቴን ፈልጎ ነው" ብሎ መናገሩ ተጽፏል። ሰሚ አላገኘም። ሁለት ዓመት እግሩ ታስሮ መንገድ ሲሠራ ቆየ። ሲመለስ በወንዙ ዳር የተከራየው መሬት በማልፓስ ስም ዞሮ ጠበቀው። ያ መሬት ዛሬ ክላይቭ የሚመካበት የታችኛው ግጦሽ ነው።

ኪርዋኖችን ሌባ ያደረጋቸው እንግዲህ ማን እንደሆነ ሄስተር በእርሳስ ገለበጠችው፤ አንድ ጊዜ በአንደኛው ደብተር፣ አንድ ጊዜ በሁለተኛው።

ወደ እርሻው ስትመለስ ክላይቭ ማድ ቤት ምድጃው አጠገብ ቆሞ ጠበቃት። ደብተሩን ሰጠችው። እያነበበ ሲሄድ ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ ገረጣ።

"ይህን ማን አየ?"

"መዝገብ ቤቱ። እኔ። አሁን ደግሞ አንተ።"

"ውሸት ነው።"

"እንደ ውሸት የሚያነበው ሰው እንዲህ አያልበውም።"

ክላይቭ ደብተሩን ደጋግሞ ገለጠ። በመጨረሻ አንድ ገጽ ላይ ቆሞ ጣቱን አሳረፈ። "ኪርዋን ታስሯል አይደል? መንገድ ሠርቷል አይደል? በቃ። ይቺን ገጽ ብቻ ለይተሽ በንጹሕ ወረቀት ጻፊልኝ። ሌላው ይቅር።"

"ከላይኛው መስመር ላይ የመስካሪው ስም አለ።"

"ተዪዋ እሱን!"

"ስማ ክላይቭ። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መልእክት አስተላልፌያለሁ። የሞትም፣ የስድብም፣ የፍቅርም። አንድ ቃል ቆርጬ አላውቅም።"

"ቤቴ ተቀምጠሽ እኔኑ ታሰድቢኛለሽ? ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ! የቤተሰቡ ስም ነው ያለሽ፤ እሱንም ልታበላሺው!"

የምድጃውን በር ከፈተና ደብተሩን ወረወረው። ሄስተር እሳቱ ሽፋኑን ሲጠቀልለው ቆማ አየች። "ሌላ ግልባጭ አለሽ?" አላት።

"የለኝም" አለችው። ሁለተኛው ደብተር ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ድልድዩን ተሻግራ ኪርዋኖች ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችላት የዴስ እናት ኖራ ናት፤ እጇ ዱቄት ነክቶታል። ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ አንድ ክፍል ተምረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፊት ለፊት ተነጋግረው አያውቁም።

"ምን እግር ጣለሽ?" አለች ኖራ።

"የማሳይሽ ነገር አለ። ልግባ?"

"አትገቢም። እዚያው ሆነሽ ተናገሪ።"

"ቤተሰባችሁን በሚመለከት ከመዝገብ ያገኘሁት..."

"አንቺ? ስለኛ ቤተሰብ?" ኖራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም። "ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ትንፋሽሽን ስሰማው ነው የኖርኩት። ወንድሜ የማዕድን ጉድጓድ ተንዶበት ሲሞት ከእኔ በፊት የሰማሽው አንቺ ነሽ። 'ተናገሪ፣ መስመሩ ይፈለጋል' አልሽኝ። ትዝ ይልሻል?"

"ይለኛል።"

"በልጅነታችን ጉንጉኔን ከወንበር ጋር ያሰርሽውስ?"

"እሱም ትዝ ይለኛል።"

"እንዲያ ከሆነ አንብቢው። ቆመሽ አንብቢው።"

ሄስተር ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ነፋሱ ገጾቹን እያገላበጠባት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችላት። ማይክል ኪርዋን ለዳኛው የተናገረው ጋ ስትደርስ ኖራ የበሩን መቃን ያዘች። አነበበችና ጨረሰች። ኖራ መቃኑን ለቃ ዱቄት የነካ እጇን በሽርጧ ጠረገች።

"እና አሁን ምን ልበልሽ? እግዜር ይስጥልኝ ልበል?"

"ምንም አትበዪ። ያንቺ ስለሆነ ነው ያመጣሁት።"

"የኔ ከሆነ አምጪው" አለችና ደብተሩን ከእጇ ነጥቃ በሩን ዘጋችው።

ሄስተር ያልጠበቀችው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ኖራ እሁድ ከቅዳሴ ስትወጣ ደብተሩን ለሰው ሁሉ እያሳየች አነበበች። ለልጇም፣ "የማልፓስ ልጅ ከቤቴ አትገባም። ድሮ መሬታችንን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ ልጄን? አይሆንም!" አለችው። ክላይቭ ለማፍረስ ሌት ተቀን ሲመኘው የነበረውን ጋብቻ ኪርዋኖች ራሳቸው አፈረሱለት።

ከተማው ደግሞ የተቆጣው በክላይቭ አልነበረም። ሰዉ በየቤቱ የተጣበቀ ቅጠል እንዳለው ያውቃል፤ አልያም ይጠረጥራል። ሥጋ ሻጩ ሄስተርን እያየ እንዳላየ ሆኖ ከኋላዋ የመጡትን ሁሉ አስተናገደ። "ወረፋዬ ደርሷል" ብትለው፣ "ነገ የማንን ልታወጪ ነው ሄስተር? የኔን ከሆነ ቀድመሽ ንገሪኝ፣ ሱቁን ልዝጋ" አላት። የቆሙት አልሳቁም። የፖስታ ሣጥኗ ውስጥ ስም የሌለው ወረቀት ገባ፦ "ሙታንን ተዪ፣ አለዚያ ከእነሱ ጋር ትሆኛለሽ።" ጽሕፈቱን አወቀችው፤ ገና በልጅነቷ የሰንበት ትምህርት ያስተማሯት ሴትዮ ነበሩ።

በዚያው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያኑ የድሮ የጋብቻ መዝገብ አንድ ገጽ በምላጭ ተቆርጦ ጠፋ። የኤድመንድና የሣራ ጋብቻ የሰፈረበት ነው። ቄሱ ማንንም አልጠየቁም። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ስለነበር መጠየቅም አላሻቸውም።

ሄስተር ከገበያ ስትመለስ ዕቃዋ በሦስት ካርቶን ታሽጎ በረንዳው ላይ ተደርድሯል። የቤቷ ቁልፍ ተቀይሯል። ክላይቭ በጎቹን እያስገባ ነበር፤ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ አያትና ወደ በጎቹ ዞረ። እሷም አልለመነችውም። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ እስከ ዋናው መንገድ ተሸክማ ወሰደቻቸው፤ አራት መቶ ሜትር ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች። የክላይቭ የበግ ውሻ ሦስቱንም ጊዜ ተከተላት።

አውቶቡስ ስትጠብቅ ግሌኒስ መኪናዋን አቁማ መስኮቱን አወረደች። ዓይኗ አብጧል።

"ደስ አለሽ አክስቴ?"

"አባትሽ ነው የላከኝ።"

"አባቴ የላከሽ ወረቀት እንድታመጪ ነው። ኖራ ቤት እንድትሄጂ ማን ላከሽ? እኔን ጠየቅሽኝ? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ መጥተሽ 'ግሌኒስ፣ ይህን አገኘሁ፣ ምን እናድርግ?' ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

ሄስተር ሁሉን ስታስብ፣ የወንድሟን ቁጣ፣ የኖራን መብት፣ የሟቹን ኪርዋን ቃል፣ ይህቺን ልጅ አንዴም አላሰበቻትም ነበር።

"አላሰብኩትም" አለች።

"ታዲያ የሰው ስልክ ስትሰሚ የኖርሽው ምን ልትማሪ ነው?" ግሌኒስ መስኮቱን ዘግታ ሄደች።

ከወር በኋላ ግሌኒስና ዴስ ለማንም ሳይናገሩ ባሕር ተሻግረው ሜልበርን ገቡና በማዘጋጃ ቤት ተጋቡ። ኖራም ክላይቭም የሰሙት ከሌላ ሰው ነው። በወንዙ ግራና ቀኝ ሁለቱም በየቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ፤ ድልድዩ ላይ ሲተላለፉም እንደ ወትሮው ሰላም አይባባሉም።

ሄስተር ሆባርት ውስጥ፣ ሽቅብ የሚወጣ መንገድ ዳር ክፍል ተከራየች። የምታውቀው ሰው ሚስተር ፐርዲ ብቻ ስለነበር በየቀኑ መዝገብ ቤት ትሄድ ጀመር። መጀመሪያ የሣራን ነገር ለመጨረስ ነበር። ኋላ ላይ ሰዎች የአያቶቻቸውን ነገር ለማወቅ እየፈሩ፣ ግራ ቀኝ እያዩ መምጣት ሲጀምሩ ጽሕፈቱን የምታነብላቸው እሷ ሆነች። አታባብልም። አንድ ሰውዬ፣ "እባክሽ፣ ነፍሰ ገዳይ እንዳይሆን ብቻ" ብለው ሲለምኑ፣ "ዳክዬ ነው የሰረቀው። ቁጭ ይበሉ" አለቻቸው።

ክላይቭ በ1981 በልብ ድካም ሞተ። ሄስተር ለቀብሩ ሄዳ ከኋላ ቆመች። የሚያውቃት ሁሉ አይቷታል፤ ቦታ የለቀቀላት ግን የለም። የቀብር ንግግሩ ላይ ቄሱ፣ "ከመጀመሪያዎቹ ነጻ ሰፋሪዎች የተወለደ" ሲሉ ሰማች። አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ሬሳ ፊት የሚነገር ነገር አልነበረም። ግሌኒስ የፊተኛው ወንበር ላይ ነበረች፤ አልዞረችም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የመዝገብ ቤቱ በር ተከፍቶ ግሌኒስ ገባች። እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ሄስተርን አየቻት፤ ሰላም አላለቻትም። ከጠረጴዛው ማዶ ጫፍ ተቀምጣ ሚስተር ፐርዲን፣ "የሣራ በድ መዝገብ ይውጣልኝ" አለችው። መጣላት። ገለጠች፤ ጎንበስ አለች፤ ወረቀቱን አራቀች፤ አቀረበች። ጽሕፈቱ እንዳስቸገራት ያስታውቃል።

"እሱ 'ኤስ' ነው፤ በድሮ አጻጻፍ 'ኤፍ' ይመስላል እንጂ" አለች ሄስተር ከተቀመጠችበት።

"አልጠየቅኩሽም።"

ሄስተር ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ግሌኒስ አንድ ገጽ ላይ ተጣብቃ ቀርታለች። በመጨረሻ ቀና ሳትል ትልቁን መዝገብ በጠረጴዛው ላይ ወደ ሄስተር ገፋችና ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች።

ሄስተር መነጽሯን አስተካክላ አነበበች። "'ሴት ልጅ ወለደች፤ በሦስተኛው ወር ከእናትዋ ተለይታ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተወሰደች። እናትየው በጠባቂዋ ላይ የምግብ ሳሕን ስለወረወረች አሥር ቀን በጨለማ ክፍል፣ በዳቦና በውሃ።'"

"ልጅቷስ?" አለች ግሌኒስ።

"ሌላ መዝገብ ነው። የሕፃናቱ።"

"አንብበሽዋል?"

"አላነበብኩትም። አስመጥቼው ነበር፤ ብቻዬን ልከፍተው አልወደድኩምና መለስኩት።"

ግሌኒስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አክስቷን አየቻት። አስተያየቷ የፍቅር አልነበረም። ከዚያ ወደ ሚስተር ፐርዲ ዞረችና የሕፃናቱን መዝገብ እንዲያመጣ ጠየቀችው።